የተራማጆቹ ክስ የሚጸናው የቱ ጋ ነው? ስለ ፖሊየቭ፣ ፎርድና ስሚዝ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኤድመንተን ነው። ዜግነት ካገኘሁ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን ግን ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ቶሮንቶ ያለው ታላቅ ወንድሜ የተራማጅ ተንታኞችን ቪዲዮ በየቀኑ ይልክልኛል። ፖሊየቭ የካናዳ ትራምፕ ነው፤ ሥልጣን ከያዘ ነጻ ሕክምና ይቀራል፤ ለስደተኛም በሩ ይዘጋል፤ ፎርድና ስሚዝ ደግሞ የእሱ ተላላኪዎች ናቸው ይላሉ። እናቴን ለማምጣት እያሰብኩ ስለሆነ ሥጋት ገብቶኛል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ እውነት ነው? ወይስ ሁሉም የፓርቲ ፕሮፓጋንዳ ነው?»

ምላሽ፦ «ሁሉም እውነት ነው» ማለትም፣ «ሁሉም ፕሮፓጋንዳ ነው» ማለትም አይቻልም። ወንድምዎ በሚልኩልዎት ቪዲዮ ውስጥ በሰነድ የተደገፈ እውነተኛ ክስ አለ፤ ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ ደግሞ የካናዳን የመንግሥት አወቃቀር የማያውቅ ወይም እያወቀ የሚዘለው ማስፈራሪያ አለ። ተራማጅ ተንታኞች በወግ አጥባቂ መሪዎች ላይ ከሚያቀርቡት ሁሉ ጠንካራው ክስ የሕግ ቁጥርና የኦዲት ሪፖርት የሚጠቅሰው፣ ለማዳመጥ አሰልቺ የሆነው ነው፤ ደካማው «የካናዳ ትራምፕ» የሚለው አንድ መስመር ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው ግን ይኸው ደካማው ነው። እኔ ራሴ በሕዝብ ሕክምናና በመንግሥት ትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ ተራማጆቹ የማዘነብል ሰው መሆኔን አውቀው ቀጥሎ ያለውን ያንብቡት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መታረም ያለበት ፎርድና ስሚዝ የፖሊየቭ ተላላኪዎች ናቸው የሚለው ነው። በፌደራሉ መንግሥት መቀመጫ በኦታዋ ያለው፣ አቶ ፖሊየቭ የሚመሩት የካናዳ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በ2003 መጨረሻ የካናዲያን አልያንስና የቀድሞው ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ተዋሕደው የፈጠሩት ነው። አቶ ዳግ ፎርድ ከ2018 ጀምሮ ኦንታሪዮን የሚያስተዳድሩበት የክፍለ ግዛቱ ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲና ወይዘሮ ዳኒየል ስሚዝ ከ2022 ጀምሮ አልበርታን የሚመሩበት ዩናይትድ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ግን የየራሳቸው አባላት፣ ገንዘብና ጉባኤ ያላቸው ድርጅቶች እንጂ የኦታዋው ፓርቲ ቅርንጫፎች አይደሉም። በ2025ቱ ፌደራል ምርጫ አቶ ፎርድ ለአቶ ፒየር ፖሊየቭ አልቀሰቀሱም፤ የፎርድን የምርጫ ዘመቻ የመሩት ሰው እንዲያውም የፖሊየቭን ዘመቻ በአደባባይ ሲነቅፉ ሰንብተዋል። መራጩም ሁለቱን እርከኖች ለይቶ ያያል። የራስዎ ከተማ ኤድመንተን በ2023ቱ የአልበርታ ምርጫ መቀመጫዎቿን በሙሉ ለኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ፣ ማለትም ለኤን.ዲ.ፒ. ሰጥታ፣ በ2025ቱ የፌደራል ምርጫ ግን ከሁለት በስተቀር ሁሉንም ለኮንሰርቫቲቭ ሰጥታለች።

ተራማጅ ሲባል ሊበራል ማለት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። በካናዳ የተራማጅ አስተያየት ዋናው ምንጭ ከሊበራል ፓርቲ ይልቅ ወደ ግራ ያለው ወገን ነው፤ ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከኤን.ዲ.ፒ. አካባቢና ከጥናት ተቋማት የሚነሣ ሲሆን ሊበራሎችንም አይምርም። በ2025 ግን ይህ ወገን በጭንቅ ውስጥ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ታሪፍ እየጣሉ ካናዳን 51ኛ ግዛት አደርጋለሁ ሲሉ፣ ብዙ ተራማጅ መራጭ ኤን.ዲ.ፒ.ን ትቶ የሊበራሉን መሪ፣ የቀድሞውን የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ማርክ ካርኒን መረጠ፤ ኤን.ዲ.ፒ. ወደ ሰባት መቀመጫ ወረደ፤ መሪው ጃግሚት ሲንግም የራሳቸውን ወንበር አጡ። አቶ ካርኒ ሥልጣን እንደያዙ ከመጀመሪያ ውሳኔዎቻቸው አንዱ ሸማቹ የሚከፍለውን የካርበን ታክስ ወደ ዜሮ ማውረድ ነበር፤ ይህም አቶ ፖሊየቭ ሁለት ዓመት ሙሉ «ታክሱን ቁረጡ» እያሉ ሲጠይቁት የኖሩት ነው። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ወግ አጥባቂ መሪን ስለ አንድ ፖሊሲ ሲከስ፣ የተቃራኒው ፓርቲ ያንኑ ፖሊሲ አድርጎት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ አድርጎታል።

ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ ሥጋትዎ እዚህ ላይ ትክክል ሆኖ አቅጣጫውን ግን የሳተ ነው። በ1867ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 እና 92 ሥልጣን ለፌደራልና ለክፍለ ግዛት ሲከፋፈል ሆስፒታል ለክፍለ ግዛቶች ተሰጠ። ሐኪምዎ የሚከፈላቸው ከአልበርታ ነው፤ የጤና ካርድዎን የሰጠዎትም አልበርታ ነው። ኦታዋ የያዘችው ገንዘብና የ1984ቱን የካናዳ የጤና ሕግ ነው፤ ሕጉ ክፍለ ግዛቶች ለአስፈላጊ ሕክምና ከበሽተኛ ኪስ እንዳያስከፍሉ ይጠይቃል፤ ካስከፈሉ ደግሞ የፌደራሉ ድጎማ ይቀነስባቸዋል። በዚህ ምክንያት ማንም ጠቅላይ ሚኒስትር ብድግ ብሎ ነጻ ሕክምናን መሰረዝ አይችልም። ማድረግ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፤ ድጎማውን ማሳነስ፣ ወይም ክፍለ ግዛቶች ሕጉን ሲጥሱ አይቶ እንዳላየ ማለፍ።

የመጀመሪያው ተሞክሯል። የአቶ ስቲቨን ሃርፐር ወግ አጥባቂ መንግሥት በ2011 መጨረሻ የጤና ድጎማው በየዓመቱ በ6 በመቶ ማደጉ ቀርቶ ከ2017 ጀምሮ ከኢኮኖሚው ዕድገት ጋር፣ ቢያንስ በ3 በመቶ፣ እንዲያድግ ወሰነ። ተራማጆች ይህን ውሳኔ ዛሬም ያነሡታል፤ ልክም ናቸው። የማያነሡት፣ በ2015 ሥልጣን የያዙት ሊበራሎች ያንኑ ቀመር ይዘው መቀጠላቸውን ነው። የፌደራሉን የጥርስ ሕክምና ሽፋን መርሐ ግብር በተመለከተ የአቶ ፖሊየቭ ፓርቲ ተቃውሞ እንደነበረው በፓርላማ መዝገብ የሰፈረ ነው፤ በ2025ቱ ዘመቻ ግን አሁን ተጠቃሚ የሆነ ሰው ሽፋኑን አያጣም ብለዋል። የትኛውን ማመን እንዳለብዎ የእርስዎ ፍርድ ነው፤ እኔ ከዘመቻ ንግግር ይልቅ ለድምፅ አሰጣጥ መዝገብ ክብደት እሰጣለሁ።

አሁን የቪዲዮዎቹን ትኩረት ያላገኘውን ነገር ልንገርዎ። በ2025 መጨረሻ የአልበርታ ምክር ቤት፣ እዚያው እርስዎ በሚኖሩበት ኤድመንተን ተቀምጦ፣ ሐኪሞች በሕዝቡ ሥርዓት ውስጥ እየሠሩ ጎን ለጎን ከበሽተኛ እያስከፈሉ በግል እንዲያክሙ መንገድ የሚከፍት ሕግ አጽድቋል፤ ቢል 11 (ቢል ማለት ረቂቅ ሕግ ነው) ይባላል። ከዚያ ቀደም ብሎም የስሚዝ መንግሥት የክፍለ ግዛቱን ሕክምና ሲመራ የነበረውን አልበርታ ኸልዝ ሰርቪስስን በአራት ድርጅቶች መከፋፈል ጀምሯል። የሕጉ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ለጉልበት ወይም ለዳሌ ቀዶ ሕክምና ወራት መጠበቅ ስቃይ ነው፤ ሐኪሙ ከመደበኛ ሰዓቱ ውጭ ተጨማሪ ቢሠራ ሰልፉ ይቀንሳል ይላሉ። የተራማጆቹ መልስ፣ የሐኪሙና የነርሱ ቁጥር ያው ሆኖ ሳለ የግሉ ክፍል የሚወስደው ሰዓት ከሕዝቡ ክፍል የሚወጣ ነው የሚል ነው። በእኔ ግምት እዚህ ላይ ተራማጆቹ የተሻለ መከራከሪያ አላቸው፤ የባለሙያ እጥረት ባለበት ቦታ ከፍሎ መቅደም ማለት ያልከፈለውን ወደ ኋላ መግፋት ነውና። ከእኔ ጋር ባይስማሙ እንኳ፣ «ነጻ ሕክምና ይቀር ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ማቅረብ ያለብዎት ለኦታዋ ሳይሆን ለሰፈርዎ የአልበርታ ምክር ቤት አባል ነው።

ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ክስ ደግሞ አንቀጽ 33ን የሚመለከተው ነው። የ1982ቱ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር ለዜጎች መብት ሲሰጥ በዚህ አንቀጽ አንድ መውጫ ቀዳዳ ትቷል፤ ማንኛውም ክፍለ ግዛት ወይም የፌደራሉ ፓርላማ አንድ ሕግ ሲያወጣ የቻርተሩ አንቀጽ 2 እና ከ7 እስከ 15 ያሉት ቢኖሩም ሕጉ ይጸናል ብሎ መደንገግ ይችላል። እነዚህ አንቀጾች የእምነት፣ የመናገርና የመደራጀት ነጻነትን፣ ከሕግ ውጭ አለመታሰርንና እኩልነትን የሚጠብቁ ናቸው። ድንጋጌው በአምስት ዓመት ያበቃል፤ ነገር ግን ማደስ ይቻላል። አንቀጹ የወግ አጥባቂዎች ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ በ1981ዱ ድርድር ከአልበርታው ወግ አጥባቂ ፒተር ላውሂድ ጋር አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ የሳስካችዋኑ የኤን.ዲ.ፒ. መሪ አለን ብሌክኒ ነበሩ። ተራማጆች ይህን ሲረሱት እታዘባለሁ።

አጠቃቀሙን ግን ይመልከቱ። በኖቬምበር 2022 የፎርድ መንግሥት 55 ሺህ ገደማ የሚሆኑ የትምህርት ቤት ሠራተኞች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የመምህራን ረዳቶች ጭምር፣ የሥራ ማቆም አድማ እንዳያደርጉ በአንቀጽ 33 የታጠረ ሕግ አወጣ፤ ሠራተኞቹ ሕጉን ጥሰው ወጡ፤ ሌሎች ማኅበራትም አብረዋቸው ሊቆሙ ሲነሡ መንግሥቱ በቀናት ውስጥ ሕጉን ሻረው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ 51 ሺህ የአልበርታ መምህራን ለሦስት ሳምንት ያህል አድማ ላይ ከቆዩ በኋላ የስሚዝ መንግሥት ቢል 2ን አቀረበ፤ ክርክሩ በሰዓት ተገድቦ በዚያው ሌሊት ጸደቀ፤ መምህራኑ ቀደም ሲል በድምፃቸው የጣሉት ውል በላያቸው ላይ ተጫነባቸው፤ ፍርድ ቤትም እንዳይገባበት በአንቀጽ 33 ተዘጋ። ልጆች ካሉዎት እነዚያን ሦስት ሳምንታት ያስታውሷቸዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው መንግሥት ትራንስጀንደር ሰዎችን የሚመለከቱ ሦስት ሕጎችን ለመከላከል ይህንኑ አንቀጽ በድጋሚ ተጠቀመ።

አቶ ፖሊየቭ በዚህ ጉዳይ የሚጠየቁበት የራሳቸው ቃል አለ። ብዙ ሰው የገደለ ወንጀለኛ በአመክሮ ለመፈታት ከመጠየቁ በፊት የሚታሰርባቸውን ዓመታት ለእያንዳንዱ ግድያ እየደመሩ ማራዘም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ወስኖ ነበር፤ አቶ ፖሊየቭም በኤፕሪል 2025 ዘመቻ ላይ ይህን ውሳኔ በአንቀጽ 33 እሽራለሁ ብለው ቃል ገቡ። የፌደራሉ መንግሥት አንቀጹን ተጠቅሞበት አያውቅም። ገዳይ በእስር መቆየቱን የሚቃወም ሰው ስለማይገኝ ቃሉ ለብዙ አድማጭ ደስ ይላል፤ ጥያቄው ግን የመጀመሪያው በር ከተከፈተ በኋላ ቀጥሎ ማን ይገባበታል የሚል ነው፤ የኦንታሪዮና የአልበርታ ታሪክ ለዚህ በቂ መልስ ይሰጣል። አዲስ ዜጋ ከሆኑ፣ በተለይም መንግሥት ፍርድ ቤትን ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ከሚያውቅ አገር ከመጡ፣ ከትራምፕ ንጽጽር ይልቅ ይህ ሊያሳስብዎት ይገባል።

ንጽጽሩን ራሱን ባጭሩ ላንሣው። የሚያመሳስሏቸው ነገሮች አሉ፤ አቶ ፖሊየቭ በ2022 መጀመሪያ ኦታዋን ያጨናነቀውን የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ተቃውሞ ደግፈዋል፣ የማዕከላዊ ባንኩን ገዥ አባርራለሁ ብለዋል፣ የሕዝብ ብሮድካስት ጣቢያውን የሲ.ቢ.ሲ.ን የእንግሊዝኛ ክፍል በጀት እቆርጣለሁ ሲሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከ2004 ጀምሮ በፓርላማ የተቀመጡ፣ መላ ሕይወታቸውን በፓርቲ ውስጥ ያሳለፉ ፖለቲከኛ ናቸው፤ ፅንስ ማስወረድን የሚገድብ ሕግ አላወጣም ብለዋል፤ በ2025 ሲሸነፉ፣ የራሳቸውን የካርልተን ወንበር ጭምር ሲያጡ፣ ውጤቱን ተቀብለው በኦገስት በአልበርታ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ወደ ፓርላማ ተመልሰዋል። ፓርቲያቸው ያገኘው 41 በመቶ ድምፅ ነው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የትራምፕ ተከታይ ማለት ስድብ እንጂ ትንታኔ አይደለም። ንጽጽሩ የሚሳሳትበት ሌላም ቦታ አለ፣ ይህኛው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አብላጫ ወንበር የያዘ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር በአገሩ ሕግ አወጣጥ ላይ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት የበለጠ ኃይል አለው፤ ፓርላማው የራሱ ፓርቲ ነው፤ አባላቱም መሪያቸውን ተቃውመው እምብዛም ድምፅ አይሰጡም። የሚገድቡት ክፍለ ግዛቶች፣ ፍርድ ቤቶችና አብላጫ አለማግኘት ናቸው። በ2025 ሊበራሎች ከ343ቱ ወንበሮች ያገኙት 169 ብቻ ስለነበር ይህ የመጨረሻው ገደብ በካርኒም ላይ ሠርቷል።

ሲ.ቢ.ሲ.ን ካነሣሁ አይቀር፣ በ1984 መጨረሻ የወሎንና የትግራይን ረሃብ ለካናዳውያን ሳሎን ያደረሱት የዚሁ ጣቢያ ዘጋቢ ብራያን ስቱዋርት ነበሩ። ያኔ ገና የተመረጡት ወግ አጥባቂው ብራያን መልሩኒ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን ጆ ክላርክን ወዲያው ወደ ኢትዮጵያ ላኩ፤ ዴቪድ ማክዶናልድን የአስቸኳይ ዕርዳታ አስተባባሪ አድርገው ሾሙ፤ ከደርግ ጋር ባላቸው የፖለቲካ ልዩነት ምክንያት ዕርዳታውን አላዘገዩም። ይህን የምጠቅሰው ስለ ወግ አጥባቂነትና ስለ ስደተኛ የሚባለው ነገር በአንድ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ነው። የካናዳ የስደተኛ ሕግ በዘር መምረጡን በ1962 ባወጣው ደንብ በአብዛኛው ያስቀረው የወግ አጥባቂው ጆን ዲፈንቤከር መንግሥት ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ 50 ሺህ ስደተኞችን ለመቀበል በ1979 የወሰነውም ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የእኒሁ የጆ ክላርክ መንግሥት ነው።

ከዚያ በኋላ ሃርፐር መጡ፤ የተራማጆቹ ክስም እዚህ ላይ መሠረት አለው። በ2012 የስደተኞች የጤና ሽፋን ተቆረጠ፤ በ2014 የፌደራል ፍርድ ቤት ድርጊቱን ጨካኝና ያልተለመደ አያያዝ ብሎ ጣለው። ብዙ ሐበሻ ዘመዱን ከሱዳንና ከኬንያ ያመጣበት «ግሩፕ ኦፍ ፋይቭ» የሚባለው የአምስት ሰዎች ስፖንሰርነት፣ ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ የስደተኝነት ማረጋገጫ ወረቀት ለሌለው ሰው ዝግ ሆነ። በ2014 የወጣው የዜግነት ሕግ ጥምር ዜግነት ያለው ሰው በሽብር ወንጀል ከተፈረደበት ካናዳዊነቱን እንዲነጠቅ ፈቀደ፤ ሊበራሎች በ2017 ሽረውታል። ወላጅ የማምጣት ማመልከቻም በኖቬምበር 2011 ቆሞ በ2014 ሲከፈት ቁጥሩ 5,000፣ የስፖንሰሩ የኃላፊነት ዘመን ደግሞ 20 ዓመት ሆነ።

ግን የቅርቡን ጊዜ ደግሞ ይዩ። በኦክቶበር 2024 የቋሚ ነዋሪዎችን ዓመታዊ ቁጥር ለ2025 ከታቀደው 500 ሺህ ወደ 395 ሺህ ያወረደው የጀስቲን ትሩዶ ሊበራል መንግሥት ነው። በኖቬምበር 2024 አዲስ የግሩፕ ኦፍ ፋይቭ ማመልከቻ መቀበል ያቆመውም እሱ ነው። በጁን 2025 ካናዳ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ጉዳዩ በስደተኞች ቦርድ እንዳይታይ የሚያደርግ ረቂቅ ያቀረበው የካርኒ መንግሥት ነው። አቶ ፖሊየቭ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 ጊዜያዊ የውጭ ሠራተኞችን የሚያስገባው ፕሮግራም ከነጭራሹ ይቅር ብለዋል። ስለዚህ በሩ እየጠበበ ነው፤ እያጠበበው ያለው ግን አንድ ፓርቲ ብቻ አይደለም። ሊበራል ስለተመረጠ እናቴ ትመጣለች፣ ኮንሰርቫቲቭ ከተመረጠ ትቀራለች የሚለው ስሌት አይሠራም። በነገራችን ላይ፣ የስሚዝ መንግሥት በመንጃ ፈቃድ ላይ ዜጋ የሆነውን የሚለይ ምልክት እንዲታተም እንደሚያደርግ በሴፕቴምበር 2025 አስታውቋል፤ ይህም እንደ እናትዎ በቪዛ ወይም በቋሚ ነዋሪነት የሚኖረውን ሰው በየባንኮኒው የሚለይ ነው፤ እሱም ቢሆን የኦታዋ ሥራ አይደለም።

ወንድምዎ ስለ ኦንታሪዮ የሚነግሩዎት ነገር ካለ ግን የበለጠ ጆሮ ይስጧቸው። የፎርድ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ከኖቬምበር 15፣ 2018 በኋላ የሆነውን ቤት ከኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ነጻ አድርጎታል። በ2025 በአሮጌው ሕንፃ ያለ ተከራይ ሊጨመርበት የሚችለው ከፍተኛው 2.5 በመቶ ሲሆን፣ መንገድ ተሻግሮ ባለው አዲስ ኮንዶ የሚኖረው ግን አከራዩ የፈለገው ያህል ሊጨምርበት ይችላል፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ልዩነታቸው አንድ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። በቶሮንቶ ዙሪያ ካለው የግሪንቤልት ጥብቅ መሬት 7,400 ኤከር ለግንባታ ሲለቀቅ፣ የክፍለ ግዛቱ ዋና ኦዲተር በኦገስት 2023 የመሬቱ ባለቤቶች 8.3 ቢሊዮን ዶላር ሊያተርፉ እንደሚችሉና አሠራሩም ለተወሰኑ አልሚዎች ያደላ እንደነበር ጽፈዋል፤ አቶ ፎርድም ይቅርታ ጠይቀው ውሳኔውን ሽረዋል። ክስ እንዲህ ሲሆን ከማን አፍ እንደወጣ መጠየቅ አያስፈልግም።

እንዲህ ያለው ነገር በስልክዎ ላይ ለምን እንደማይመጣ ምክንያቱ ከፊሉ ቴክኒካዊ ነው። ሜታ የካናዳን የዜና ክፍያ ሕግ በመቃወም ከኦገስት 2023 ጀምሮ በፌስቡክና በኢንስታግራም የዜና ድርጅቶችን ዘገባ ለካናዳ ተጠቃሚዎች አያሳይም። የጋዜጣው ዘገባ ታገደ፤ ስለ ዘገባው የሚናደደው ሰው ቪዲዮ ግን ቀረ። ስለዚህ አንድ ሰው ማኅበራዊ ገጹን ብቻ እያየ ዜና የተከታተለ ቢመስለውም ያየው አስተያየት ብቻ ነው፤ ይህ ከቀኝም ከግራም ይሠራል።

የምመክረው ይህ ነው፤ አጥብቄም ነው የምመክረው። የሚቀጥለውን ቪዲዮ ሲቀበሉ ጉዳዩ የኦታዋ ነው ወይስ የአልበርታ ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ የተደረገ ነገር ነው ወይስ ይደረጋል ተብሎ የተፈራ፤ የተደረገ ከሆነ ቢሉ የትኛው ነው፣ የእርስዎ ተወካይስ እንዴት ድምፅ ሰጡ፤ ይህ በፓርላማውና በአልበርታ ምክር ቤት ድረ ገጾች ላይ በነጻ ይገኛል። እነዚህን ካላለፈ ለሌላ ሰው አያስተላልፉት። ድምፅ መስጠት የሚጀምሩትም ከክፍለ ግዛቱ ምርጫ ይሁን፤ የሕክምና፣ የትምህርት ቤት፣ የኪራይና የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ የሚወጣው እዚያ ነውና። የአልበርታ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2018 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ላይ ቆሞ አሁን ከካናዳ ሁሉ ያነሰ ሆኗል፤ ይህንን ማንም ጠቅላይ ሚኒስትር አይቀይርልዎትም። በኦንታሪዮ በ2022 የወጣው መራጭ 44 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ የፎርድ ፓርቲም ከዚያ ውስጥ በ41 በመቶ ድምፅ ከ124 ወንበሮች 83ቱን ወስዷል። በሕግ የተቀመጠው የአልበርታ ቀጣይ ምርጫ ኦክቶበር 18፣ 2027 ነው። የምክሬ ወሰንም እዚህ ላይ ነው፤ ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ አልነግርዎትም፤ የትራምፕን ፎቶ ከአንድ ሰው አጠገብ ስለለጠፈ ብቻ ግን ለማንም ድምፅዎን አይስጡ።

እናትዎን በተመለከተ ምርጫ አይጠብቁ። ወላጅን በቋሚ ነዋሪነት ለማምጣት ከ2021 እስከ 2025 ድረስ የተጋበዙት በ2020 መጸው የፍላጎት ቅጽ ሞልተው የነበሩ ብቻ ናቸው፤ ያኔ ካልሞሉ ማንም ሥልጣን ላይ ቢሆን ወረፋ ውስጥ አልነበሩም። የሃርፐር መንግሥት በ2011 የጀመረው፣ ሊበራሎች በ2022 ያሻሻሉት ሱፐር ቪዛ፣ ማለትም ለወላጆችና ለአያቶች የሚሰጠው የረጅም ጊዜ የጎብኚ ቪዛ፣ ግን ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ በአንድ መግቢያ እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል። ቢያንስ የ100 ሺህ ዶላር የጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ እርስዎም እንደ ቤተሰብዎ ብዛት የተቀመጠውን የገቢ መጠን ማሟላትዎን ማሳየት አለብዎት። ኢንሹራንሱ ለአረጋውያን ውድ ስለሆነ፣ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው፣ ዋጋውን ከብዙ ድርጅቶች ጠይቀው ያወዳድሩ፤ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ እንደሚመለስም ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ።